በልብ ወለድ አሳብቦ የሰደበኝ ባል

ባሌ ሰው በሞላበት አዳራሽ ውስጥ መካን ነሽ ያለኝ በስሜ ጠርቶኝ አይደለም። አንዲት የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ እየጠራ ነው። በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአፉ የወጣው ቃል ሁሉ ስለ መጽሐፍ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ግን ስለ እኔ መሆኑን ያውቅ ነበር። በቅርቡ አንዲት የድሮ ተማሪዬ መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ "ቲቸር፣ ባልዎን በልብ ወለድ ነው የፈቱት የሚባለው እውነት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ስቄ አለፍኩ። ቤቴ ስገባ ግን ተናደድኩ። ሰው የማያውቀውን ታሪክ ሲያሳጥር ሁልጊዜ ሴቲቱን ነው ሞኝ የሚያደርጋት። ስለዚህ ሳላሳጥር ልናገር።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው። ስሜ ማርታ ይባላል። በተወለድኩባት በሆሳዕና አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። የቤታችን ቋንቋ ሀዲይኛ ስለነበረ አማርኛን የተማርኩት እንደ ሒሳብ ቁጭ ብዬ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ሌላው ሰው ሰምቶ የሚያልፈው ቃል እኔን አላልፍ የሚለኝ። ባሌ ታምራት የዱራሜ ልጅ ነው። መጀመሪያ እንደ እኔ መምህር ነበር። ኋላ አዲስ አበባ ተልኮ ለጥቂት ወራት ሠለጠነና በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ካድሬ ሆነ። ሲሄድ ታምራት ነበር፣ ሲመለስ "ጓድ ታምራት በሉኝ" አለ።

ከሥልጠናው ብዙ ነገር ይዞ መጣ። ኮፍያ ይዞ መጣ። ከአዲስ አበባ ልጆች የቀዳው "እሺ ባክሽ" የሚል አነጋገር ይዞ መጣ። እናቱ ከዱራሜ ሊጠይቁን ሲመጡ በከምባትኛ ያወሩታል፣ እሱ በአማርኛ ይመልስላቸዋል። ከእንሰት የሚጋገረው ቆጮ ከቤታችን ታገደ። "ሽታው ልብስ ላይ ያድራል፣ ቢሮ ሰው አለ" ይለኝ ነበር። ጎመንና ቆጮ ያማረኝ ቀን አባቴ ዘንድ ሄጄ በልቼ፣ አፌን ታጥቤ እመለሳለሁ። ባለትዳር ሴት ተደብቃ የምትበላው ምግብ ቢኖር ይኸው ነው።

ልጅ አልወለድንም። እኔ ሐኪም ቤት ሄጄ ታይቻለሁ። ሐኪሙ ምንም እንከን እንዳላገኘብኝ ነግሮኝ፣ "በሚቀጥለው ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ" አለኝ። ይህን ለታምራት ስነግረው ምሳ ላይ ነበርን። "እኔን ነው ሐኪም ቤት የምትጎትቺኝ?" ብሎ እጁን ሳይታጠብ ተነስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሐኪም ማንሳት ክልክል ሆነ።

ነገሩ በሙሉ የተከሰተው በአንድ ቅዳሜና በአንድ እሑድ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ታምራት ከሥራ ሲመለስ ኮፍያውን እንኳ ሳያወልቅ እንዲህ አለኝ።

"እሑድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ።"

"የምን ሽማግሌ? ተጣልተናል እንዴ?"

"አልተጣላንም። ለዚህ እኮ ነው በሰላም የምንጨርሰው። አንቺ አንድ ነገር ብቻ ትያለሽ። 'የእኔ ነው' ትያለሽ። ልጅ ያጣነው በእኔ ነው፣ በፈቃዴ ልሂድ ትያለሽ። አለቀ።"

"የእኔ አይደለማ!"

"ማርታ፣ እኔ የምጠይቅሽ የማን እንደሆነ አይደለም። የምትይውን ነው።"

ለምን የእኔ አፍ እንዳስፈለገው ገባኝ። ጓድ ታምራት በየቀበሌው እየዞረ ስለ ሴቶች እኩልነት የሚያስተምር ሰው ነበር። በሚስት ላይ ሚስት ማግባት የባላባት ልማድ ነው እያለ ያወግዛል። ሚስቱን አባረረ ቢባል አያምርበትም፤ ሚስቱ ጥፋቷን አምና በፈቃዷ ሄደች ቢባል ግን ማንም አይጠይቀውም። ሾኔ ላይ የያዛት አንዲት ታይፒስት እንዳለች ደግሞ ከእኔ በቀር ከተማው ሁሉ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

"ካላልኩስ?" አልኩት።

"ሙዱላ መምህር ተቸግረዋል" አለኝ። እምቢ ካልሽ ወደዚያ ሩቅ ቦታ አዛውርሻለሁ ማለቱ ነበር።

እናንተ ይህን ስታነቡ እምቢ በይ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔ ግን ልለው ነበር። ደክሞኝ ነበር። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት በሽማግሌ ፊት "የእኔ ነው" ካለች ቃሉ በየቤቱ ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ፣ ገበያ ስትወጣ ይቀድማታል፤ ሌላ የሚያገባትም አይኖርም። ይህን ሁሉ አውቄ፣ ብቻ ይለቀኝ ብዬ ልለው ነበር። አባቴ ዘንድ ሄጄ ባማክረው፣ "ከቤትሽ እንዳትወጪ! የተጋባችሁት በጉባኤ ፊት ነው። ዝቅ በይና ለምኚው" አለኝ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሽማግሌ ስለነበረ የሚያስበው ምን ይሉኛል ነው። ከእሱም ቤት አኩርፌ ወጣሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ ውይይት ነበረው። የምንወያይበት ልብ ወለድ ሽፋኑና የመጀመሪያ ገጾቹ ተገንጥለው የጠፉበት ነበር፤ ደራሲው ማን እንደሆነ ማናችንም አናውቅም። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያልደረሰው ሰው የለም። ታሪኩ ስለ ትዳር ነው። ሰናይት የምትባል ሴት ግርማቸው የሚባል የመሥሪያ ቤት ሹም ታገባለች፣ በፍቅር ይጀምራሉ፣ እያደር ይቀዘቅዛሉ። ድብድብ የለ፣ ግድያ የለ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ ቀስ ብለው ሲጠፋፉ ነው የሚያሳየው። ክበቡ ሁለት ተናጋሪ መድቦ ነበር። ጓድ ታምራት ከርዕዮተ ዓለም አንጻር ይናገራል፤ እኔ ደግሞ ደራሲው የሰዎቹን ጠባይና የትዳሩን መክሰም በምሰላ እንዴት እንዳሳየ አስረዳለሁ። ምሰላ ማለት አንዱን ነገር በሌላው መስሎ መናገር ነው። ባልና ሚስት ለምን ተመደቡ አትበሉኝ። የክበቡ ሰብሳቢ ይህ ያስደስተዋል ብሎ ያሰበው ታምራትን ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ታምራት በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርጋል። ደስ ብሎት ነበር።

"ዛሬ ስለ ምን ነው የምታወሪው?"

"ስለ ምሰላ።"

"ምሰላ!" ብሎ ሳቀ። "ሰዉ ስለ ምርት ያስባል፣ እናንተ ምሰላ ላይ ናችሁ። ለማንኛውም አታስረዝሚው፣ እኔ ሰፋ አድርጌ እናገራለሁ።" ተነሳና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "አይዞሽ፣ አንቺ እኮ የቤቴ ራዲዮ ነሽ። ሲከፍቱሽ ታምሪያለሽ።"

ይህ ውዳሴ ነው። ታምራት ደስ ሲለው እንዲህ ነበር የሚያወድሰኝ። ስንጋባ ሰሞን "አዲሷ ሶፋዬ" ይለኝ ነበር፤ ሶፋ የያዘ ሰው ሆሳዕና ላይ በጣት የሚቆጠር ስለነበረ እኔም ደስ ብሎኝ እስቅ ነበር።

አዳራሹ ሞልቶ ጠበቀን። የአሥረኛና የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች አግዳሚ ወንበር አጥተው መስኮት ላይ ተቀምጠዋል። መምህራኑ መሐል፣ ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት የመጡት ፊት ለፊት ናቸው። ከእነሱ ጎን አቶ ሎምባሞ ተቀምጠው አየሁ። አቶ ሎምባሞ የታምራት አጎት ናቸው፤ አባቱ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ለእሑዱ ሽምግልና ከዱራሜ አንድ ቀን ቀድመው መጥተው ኖሯል። የወንድማቸው ልጅ ሲናገር ሊሰሙ ጋቢያቸውን አጣጥፈው በኩራት ተቀምጠዋል።

ታምራት መድረክ ላይ ወጣ። መናገር ይችላል፣ ይህን አልክድበትም። ሰናይትን ንዑስ ከበርቴ አላት። በባሏ ደመወዝ እየኖረች በባሏ የምታማርር አላት። ከዚያ መጽሐፉን ገለጠና፣ "ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ" አለ። በኋለኞቹ ምዕራፎች ግርማቸው ለጓደኛው ስለ ሚስቱ የሚናገራት ናት። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

"'ሚስቴ ኮባ ናት። ቅጠሏ ያምራል፣ ጥላዋም አይከፋም፣ ፍሬ ግን የላትም።'"

መጽሐፉን ዘጋ። "ተመልከቱ ጓዶች! ደራሲው በአንዲት ቃል ጨረሳት። ሴትዮዋ ስንት ምዕራፍ ሙሉ ታለቅሳለች፣ ታማርራለች። እሷ ራሷ ምን አፈራች? ምንም! ኮባ ናት። የማያፈራ ነገር ደግሞ መሬት ከመያዝ በቀር ምን ይሠራል? ተነቅሎ በምትኩ የሚያፈራ ይተከላል። ይህ የተፈጥሮም የአብዮቱም ሕግ ነው።" ይህን ሲል ዓይኑን ከሰዉ ላይ አንስቶ እኔ ላይ አሳረፈው።

ከጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ጥቂቶቹ ሳቁ። ተማሪዎቼ አንድ በአንድ ዞረው አዩኝ። መምህራኑ ደግሞ ላለማየት ወለሉን አዩ። የእነሱ ባሰብኝ። የነገውን ሽምግልና ዛሬ በአደባባይ እየጨረሰው መሆኑ ገባኝ። ነገ "የእኔ ነው" ብልም ባልልም ዛሬ እሱ ብሎልኛል። እንደዚያ ሰው ጠልቼ አላውቅም። ጠመኔውን ይዤ ወደ ሰሌዳው ሄድኩ።

ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት። ለንግግር አቅም አልነበረኝም። ማስተማሩን ግን ልማዱ ይዞኝ ይሄዳል ብዬ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ጠየቅኩ።

"ግርማቸው ሰናይትን ሲያወድስ በምን በምን ነው የመሰላት? መጽሐፉን ያነበባችሁ ንገሩኝ።"

"እንደ አዲስ ሰዓት ታምሪያለሽ ይላታል" አለ አንዱ ከመስኮት።

"ጃንጥላዬ ይላታል።"

"ለእንግዳ ሲያስተዋውቃት የቤቴ ቁም ሳጥን፣ ሁሉን የምትይዝልኝ ይላል።"

ሰሌዳው ላይ ጻፍኳቸው። ሰዓት፣ ጃንጥላ፣ ቁም ሳጥን። "ጥሩ። እነዚህን ነገሮች ምን ያመሳስላቸዋል?"

ትንሽ ተንጫጩ። አንዱ ዕቃ ናቸው አለ። ከኋላ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ተነስታ፣ "ሁሉም የተገዙ ናቸው" አለች።

"ትክክል" ልላት ስል የታምራት ውዳሴ ትዝ አለኝ። ራዲዮ። ሶፋ። እኔ ይህን መጽሐፍ ደጋግሜ አንብቤ፣ የግርማቸውን ንፉግ ዓይን ለተማሪ ሳስረዳ ኖሬ፣ ቤቴ ውስጥ በየቀኑ የምሰማውን አልሰማሁም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ታምራት የተለወጠብኝ ልጅ ስላጣን ይመስለኝ ነበር። ልጅ ስላጣን ተቀየረ፣ ካድሬ ስለሆነ ተቀየረ እያልኩ ለራሴ ስነግር ኖሬያለሁ። አልተቀየረም። በሠርጋችን ሰሞን በፍቅር ሲያቅፈኝም ሶፋ ነው ያለኝ። ከመጀመሪያው ያየኝ ይህንኑ ነው። አዳራሹ ውስጥ የመጣብኝ እንባ ሳይሆን ንዴት ነበር።

"ትክክል ነሽ" አልኩ። "ግርማቸው የሚወደውን ሁሉ በገዛው ነገር ይመስለዋል። ሌላ ዓይን የለውም። ሰናይትስ? እሷ ባሏን በምን ትመስለዋለች?"

"መጀመሪያ ዝናብ ትለዋለች" አሉኝ። "ከተራራ የሚመጣ ነፋስ ትለዋለች።"

"መሐል ላይስ?"

"በር ትለዋለች። ምሰሶ ትለዋለች።"

"መጨረሻ ላይስ?"

መጽሐፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ አነበብኩላቸው። "'ገባ። ኮቱን አወለቀ። በላ። ተኛ።'" ቀና አልኩ። "ምሰላ የለም። እናንተ ሰናይት ተስፋ የቆረጠችው ያለቀሰችበት ምዕራፍ ላይ ይመስላችኋል። አይደለም። እያለቀሰች እንኳ ገና በአንድ ነገር ትመስለዋለች፣ ገና ትፈልገዋለች። የጨረሰችው ባሏ በዓይኗ ምንም መምሰል ያቆመ ቀን ነው።"

ታምራት ከመቀመጫው ተነሳ። "ጓድ መምህርት፣ ኮባውን ዘለልሽው" አለ። እየሳቀ ነው የተናገረው። ባይጠይቀኝ ኖሮ በዚያው አበቃ ነበር፤ እልሁ ግን አልተወውም።

"አልዘለልኩትም ጓድ፣ እመጣበታለሁ" አልኩና ወደ ሰዉ ዞርኩ። "ኮባ የሚባለው እኛ ዌሳ የምንለው እንሰት ነው። ከእናንተ መካከል ዌሳ በልቶ ያላደገ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።"

አንድም እጅ አልወጣም።

"ከዌሳ ፍሬ ለቅሞ የበላስ?"

መስኮት ላይ ያሉት መሳቅ ጀመሩ።

"ምኑን ነው የምንበላው?"

"ግንዱንና ሥሩን!" አሉ በአንድ ድምፅ።

"አብቦ ፍሬ ያወጣ ዌሳ ጓሮ ውስጥ ብታዩስ?"

ከኋላ አንድ የግብርና መምህር፣ "ባለቤቱ ሰነፍ ነው እንላለን! ጊዜው አልፎበታል፣ ሊሞት ነው" ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

"እንግዲህ" አልኩ፣ "ግርማቸው ከተሜ ነው። ኮባ የሚያውቀው ዳቦ ሲጋገርበት ነው። ቅጠሉን አየና ፍሬ ፈለገበት። ደራሲው ይህን ቃል በግርማቸው አፍ ያስገባው ሰናይት ምን እንደሆነች ሊነግረን አይደለም። ግርማቸው ከአንዲት ሴት ጋር ያን ያህል ኖሮ ምኗ እንደሚያኖረው እንዳላወቀ ሊነግረን ነው። ሌላም አለ። በመጽሐፉ ውስጥ ሰናይትን ሕይወት ባለው ነገር የመሰላት እዚህ ቦታ ብቻ ነው፣ ያውም ሊያዋርዳት ሲፈልግ። በግርማቸው አልፈርድም፣ አያውቅም። ዌሳ ጓሮ ተወልዶ፣ ዌሳ በልቶ አድጎ ይህን ዓረፍተ ነገር ልክ ነው ብሎ የሚያነብልን ሰው ግን…"

አልጨረስኩትም። መጨረስ አላስፈለገም። ሳቁ ቀጥ አለ፣ ሰዉ ሁሉ ታምራትን አየ። አቶ ሎምባሞ ከመጀመሪያም አልሳቁም። የወንድማቸውን ልጅ እንግዳ ሰው እንደሚያዩ አተኩረው እያዩት ነበር።

"ስለ መጽሐፉ ነው ወይስ ስለ ቤትሽ የምታወሪው?" አለ ታምራት። ፊቱ ደም መስሏል።

"አንተስ?" አልኩት። በሰው ፊት ጓድ ሳልለው የቀረሁት ያን ቀን ነው። ሰብሳቢው ተደናግጦ በመፈክር ስብሰባውን ዘጋ።

ቤት ድረስ በዋናው መንገድ ጎን ለጎን ሄድን፣ ሰው ሰላም ሲለን ሁለታችንም አጸፋውን መለስን። በሩ ሲዘጋ ነው የጀመረኝ።

"አዋረድሽኝ! በቆጮ አዋረድሽኝ!"

"ቆጮ አያዋርድም። ያዋረድከው ራስህን ነው።"

"ማን መስሎሽ ነው የምትናገሪው? አንቺን እኮ በአንድ ቃል ማጥፋት እችላለሁ።"

"ታውቃለህ፣ ልልልህ ነበር" አልኩት። "ነገ 'የእኔ ነው' ልልልህ ነበር። ዝም ብትል ኖሮ ታገኘው ነበር።"

ቆመና አየኝ። "ነገም ትያታለሽ" አለ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ነበሩ፤ አቶ ሎምባሞ፣ አባቴና ሐጂ ከድር የሚባሉ የሰፈራችን ነጋዴ፤ ሐጂ ሚዛናዊ ናቸው ተብለው ለእርቅ ሁሉ ይጠሩ ነበር። በእኛ አገር ሽማግሌ ለነገር ሲቀመጥ ነገሩ ሳያልቅ እህል አይቀምስም። ነገሩ ሲያልቅ ይመርቃል፣ ከዚያ ይበላል። ታምራት ይህን ስለሚያውቅ ከጎረቤት ሴት አስመጥቶ እንጀራውንም ወጡንም በመሶብ አስደርድሯል። ነገሩ ቶሎ እንደሚያልቅ እርግጠኛ ነበር። አባቴ ሲገባ አላየኝም። የአዳራሹን ነገር ሰምቶ ኖሮ፣ "በመጽሐፍ ቤትሽን አፈረስሽው" አለኝ በሀዲይኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አቶ ሎምባሞ ከጸለዩ በኋላ፣ "ልጄ ታምራት፣ ጠርተኸናል፣ ተናገር" አሉ።

ታምራት አጭር አደረገው። ልጅ አጥተናል፣ ማርታም ጥፋቷን ታውቃለች፣ በፈቃዷ ልትለየኝ ተስማምታለች፣ እሷ ራሷ ትናገር አለ።

እሱን አየሁት። ከአንድ ቀን በፊት ቢሆን ኖሮ እፈራው ነበር። አሁን ግን ምን እንደሚመስል ብትጠይቁኝ ምንም አይመስልም ነበር። ወንበር ላይ የተቀመጠ ኮፍያ ያደረገ ሰው ነበር።

"እኔ ሐኪም ቤት ሄጄ ታይቻለሁ" አልኩ። "ምንም የለብሽም ተብያለሁ። ሐኪሙ ባልሽ ይምጣ ብሎ ነበር፣ አልሄደም። እንግዲህ አባቶቼ፣ እሱም ይታይ። ከታየ በኋላ የእኔ ከሆነ፣ እዚሁ ፊታችሁ ቆሜ የእኔ ነው እላለሁ። አሁን ግን የማላውቀውን አልልም።"

አባቴ ቀና አለ። ስለ ሐኪሙ የሰማው ገና ያን ጊዜ ነው፤ ሴት ልጅ እንዲህ ያለውን ለአባቷ አታወራም።

ሐጂ ከድር ጢማቸውን እየነካኩ፣ "ነገሯ ሐቅ አለው" አሉ። "ታምራት፣ አብረሃት ትሄዳለህ?"

"የት ነው የምሄደው?"

"ሐኪም ቤት ነዋ።"

"እኔ በሽተኛ አይደለሁም!"

"እሷም አይደለችም ብላለች። ብትታይ ምን አለበት ልጄ?"

ታምራት ብድግ አለ። "ሐጂ፣ የምን ሐኪም ቤት ነው? ይህች ሴት ሰኞ ሙዱላ ናት! ዝውውሯ ተፈርሟል! አልቋል!"

"መቼ ነው የተፈረመው?" አሉ አቶ ሎምባሞ።

ታምራት ያመለጠው ያኔ ገባው። "ባለፈው ሳምንት" አለ።

"ትናንት አዳራሽ ከመናገሯ በፊት ነዋ?"

"አዎ።"

"እኔን ከዱራሜ ከማስጠራትህ በፊት?"

ታምራት መሬት መሬቱን አየ።

"እንግዲያው ዛሬ የእኔ ነው ብትልም መሄዷ ነበር?"

ያችን ቃል ብሰጠው ኖሮ ቃሌንም ወስዶ፣ ሥራዬንም ወስዶ ይሰደኝ ነበር። በሰላም እንለያያለን ያለኝ ይህን ነው። ትናንት ከአዳራሹ በፊት ቃሉን ለመስጠት ምን ያህል ቀርቤ እንደነበር አሰብኩ።

አቶ ሎምባሞ በከምባትኛ አንድ ነገር ተናገሩት፣ ረዘም ያለ፣ ድምፃቸው እየተሰበረ። ከምባትኛና ሀዲይኛ ብዙ ስለሚቀራረቡ "አባትህ" የሚለውን ለይቼ ሰማሁ። ታምራት ሲመልስ በአማርኛ ነበር።

"ጋሼ፣ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፣ አይመለከትዎትም" አላቸው።

ሽማግሌው ተነሱ። ሐጂ ከድርም ተነሱ። "ለተፈረመ ነገር ሽማግሌ አይጠራም" አሉ አቶ ሎምባሞ፣ አሁን በአማርኛ፣ እሱ በመረጠው ቋንቋ። "አታለልከን። አልመርቅህም።" መሶቡን ሳይከፍቱት፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ። ሽማግሌ ሳይመርቅ የወጣበት ቤት ምን ማለት እንደሆነ ታምራት ያውቃል። ኮፍያውም ቢሆን ከዱራሜነቱ አላወጣውም። በሩ ላይ ቆሞ፣ "ጋሼ! ጋሼ ሎምባሞ!" እያለ ተጣራ። አልዞሩለትም።

አባቴ አልወጣም። ተቀምጦ ቆየና፣ "ሻንጣሽ የትኛው ነው?" አለኝ። አሳየሁት። አነሳውና በታምራት አጠገብ አልፎ ደጅ ወጣ። ሙዱላ ድረስ በጭነት መኪና አብሮኝ ሄደ። መንገድ ላይ ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲያወርደኝ ግን ለዳይሬክተሩ፣ "ልጄ ናት። ጎበዝ አስተማሪ ናት" አለው። አባቴ በእኔ ሲኮራ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ሙዱላ ብዙ ዓመት አስተማርኩ። መጀመሪያ ግዞት ነበር፣ ቆይቶ አገሬ ሆነ። ታምራት የሾኔዋን ልጅ አገባ ተባለ። ወለዱ ወይስ አልወለዱም ብዬ አልጠየቅኩም፤ ሊነግረኝ የጀመረውንም ሰው አላስጨረስኩትም። ይቅር ብለሽዋል ወይ ለሚሉኝ፣ አላልኩትም። አርጅቼም አላልኩትም።

ለእናንተ ለምታነቡ የምነግራችሁ አንድ ነገር አለ። ሰው ሲሰድባችሁ የሚመስላችሁበትን ነገር ብዙ አትቁጠሩት፤ የተናደደ ሰው ያገኘውን ይወረውራል። የወደዳችሁ ሰው ረጋ ብሎ፣ ፈገግ ብሎ፣ እያሞገሳችሁ ሳለ በምን እንደሚመስላችሁ ግን ስሙ። ታምራት ኮባ ባለኝ ቀን አይደለም ያጣሁት። ሶፋ ብሎኝ የሳቅኩ ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ባደምጥ ኖሮ ዕድሜዬን አተርፍ ነበር። ልብ ወለድ ትዳሬን አላፈረሰውም። ትዳሬ ውስጥ የሚነገረውን አማርኛ እንድሰማ አደረገኝ እንጂ።

ቤቱን ወሰደብኝ። የተወለድኩባትን ከተማ ወሰደብኝ። ተማሪዎቼን በዓመቱ አጋማሽ ጥያቸው እንድሄድ አደረገኝ። "የእኔ ነው" የምትለዋን ቃል ግን እስከ ዛሬ ከአፌ አላገኛትም።